የጉም ቀሚስ፦ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ባሌት እና አልባሳቱ

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ።

ከመጀመሬ በፊት ይህችን ጨርቅ ከፊት ወንበር ጀምራችሁ ተቀባበሏት። ሁለት ሜትር ቱል ናት። ትናንት መርካቶ ገዛኋት። ነጋዴዋ ቱል አላለችኝም። «የቬሎ ነው የፈለግሽው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ስትይዟት ምንም ያልያዛችሁ ይመስላችኋል። ጨምቃችሁ ልቀቋት፤ ተመልሳ ትነሳለች። ፊታችሁ ላይ አድርጋችሁ ደግሞ መብራቱን እዩት። ጉም የወረደበት ይመስላል። የዛሬው ወሬዬ እዚህች ጨርቅ ውስጥ ነው ያለው።

እኔ የመድረክ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዳንሰኛ አይደለሁም። ባሌት ሳይ ሌላው ሰው እግሩን ሲከተል እኔ ዓይኔ ስፌቱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የማወራችሁ በማውቀው በኩል፣ በልብሱ በኩል ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ባሌት ሲባል ብዙዎቻችን ዓይነ ሕሊና ላይ የምትመጣው ነጭ የለበሰች፣ በእግሯ ጣት ጫፍ የቆመች፣ መሬት የረገጠች የማትመስል ሴት ናት። ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረች ይመስለናል። አልነበረችም። የተወለደችበት ከተማ ይታወቃል። ቀኑም ይታወቃል። ፓሪስ፣ ማርች 12 ቀን 1832።

ከዚያ በፊት የነበረውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ባሌት የቤተ መንግሥት ልጅ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዳንሰኞች መድረክ ላይ የሚወጡት ቤተ መንግሥት የሚኬድበትን ልብስ ለብሰው ነበር። ከባድ ሐር፣ ጥልፍ፣ ከወገብ በታች በቀለበት የተወጠረ ቀሚስ፣ ረዥም ተረከዝ ያለው ጫማ። ማሪ ካማርጎ የምትባል ዳንሰኛ ቀሚሷን ከቁርጭምጭሚቷ ከፍ አደረገች። ለምን? የእግሯ ሥራ እንዲታይላት። ማሪ ሳሌ ደግሞ በ1734 ለንደን ላይ ያን ሁሉ ግርግር አውልቃ በስስ ሙስሊን ቀሚስ ወጣች። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ተረከዙ ቀረ። ሰውነት ላይ የሚለጠፈው ታይት መጣ። ገላ ነጻ ወጣ። ግን ገና አልበረረም።

አሁን ወደ 1832 ልመልሳችሁ።

ማሪ ታሊዮኒ ያን ጊዜ 28 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ይቀራታል። የተወለደችው ስቶክሆልም ነው። እናቷ ስዊድናዊት፣ አባቷ ጣልያናዊ። አባቷ ፊሊፖ ዳንሰኛም የዳንስ ደራሲም ነው። ልጅቷ በዘመኑ ዓይን ቆንጆ አትባልም ነበር። ክንዶቿ ረዘም ይላሉ። ጀርባዋ ትንሽ ጎበጥ ይላል። አባቷ ይህን አየና ምን አደረገ መሰላችሁ? አልደበቀውም፤ ስልት አደረገው። ክንዶቹን ክብ አድርጋ እንድትይዝ፣ ደረቷ ላይ እንድታጣምር፣ ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል እንድትል አስተማራት። ዛሬ የዚያን ዘመን ባሌት የሚደንስ ሁሉ የሚያሳየው ያ ለስላሳ አቋቋም ከዚያች ልጅ ጀርባ የመጣ ነው። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞቃል። ልብስ ሰፊም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሰውነቱን አይቶ ይሰፋል።

ቪየና ላይ በ1822 መድረክ ከመውጣቷ በፊት አባቷ ለስድስት ወር ያህል በቀን ስድስት ሰዓት አሠራት። ሁለት ሰዓት ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ቀን፣ ሁለት ሰዓት ማታ ከመተኛቷ በፊት። በአንድ እግሯ ቆማ እስከ መቶ ትቆጥራለች። ከሥራቸው ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ስትዘል ድምፁ አይረብሻቸውም ወይ ተብሎ አባትየው ተጠየቀ ይባላል። እሱም «የልጄ ኮቴ አንድ ቀን ቢሰማ እረግማታለሁ» አለ እየተባለ ይተረካል። ታሪኩ ሲነገር ሲነገር ሳይሸመን አልቀረም። ፍላጎቱ ግን እውነት ነው። ዝላይ ማንም ይዘላል። ሳይሰማ መውረድ ነው ሥራው።

ላ ሲልፊድ የሚባለውን ባሌት አባት ለልጁ ደረሰላት። ታሪኩ ስኮትላንድ ውስጥ ነው። ጄምስ የሚባል ወጣት በሠርጉ ቀን ጠዋት ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። እግሩ ሥር አንዲት የአየር መንፈስ ተንበርክካለች። ትስመውና በጭስ መውጫው ሽው ብላ ትጠፋለች። ልጁ ከዚያ በኋላ ሰው አይሆንም። ሙሽራዋን ኤፊን ጥሎ መንፈሷን ተከትሎ ጫካ ይገባል። ሊይዛት አይችልም። በመጨረሻ አንዲት ጠንቋይ ሻርፕ ትሰጠዋለች። በዚህ ጠቅልላት፣ አትሄድብህም ትለዋለች። ይጠቀልላታል። ክንፎቿ ይረግፋሉ። ትሞታለች። ኤፊ ደግሞ በዚያው ጊዜ ሌላ ሰው ታገባለች።

ልብ በሉ፤ የገደላት ልብስ ነው። ሻርፕ ነው። ይህን በኋላ እንመለስበታለን።

ታዲያ ይህችን ከአየር የተሠራች ሴት ምን ታለብሳታለህ? ልብሱን የነደፈው ሠዓሊው ኤዤን ላሚ ነው ተብሎ ይነገራል። ያለበሳት በጣም ጥቂት ነገር ነው። ከወገብ በላይ ልክክ ያለ፣ አንገትና ትከሻን የሚያሳይ ነጭ። ከወገብ በታች እንደ ደወል የሚሰፋ፣ ከጉልበት አልፎ ባት ላይ የሚያርፍ፣ ድርብርብ ስስ ቀሚስ። ሐመር ሮዝ ታይት። የሳቲን ጫማ። ጀርባ ላይ ሁለት ትናንሽ ክንፎች። ራስ ላይ የአበባ ጉንጉን። አለቀ። ቀለበት የለ፣ ወርቅ ጥልፍ የለ።

ቀሚሱ ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። እስቲ እንደ ሰፊ ላስረዳችሁ። አንድ ስስ ጨርቅ ብቻውን ካንጠለጠላችሁት ይወድቃል። እግር ላይ ይለጠፋል። እንዲቆም ድርብ ያስፈልገዋል። ግን ድርቡ ከከበደ ጉሙ ይጠፋል። ስለዚህ ከሥር ታርላታን ይገባል። ታርላታን ሳሳ ተደርጎ የተሸመነ ጥጥ ነው፤ አሚዶ ተደርጎበት ይደርቃል። አሚዶ ያለበት የአያቶቻችሁ ነጭ ሸሚዝ ኮሌታ ትዝ ይበላችሁ። እንደዚያ ነው። የደረቀው ከሥር ይደግፋል፣ የለሰለሰው ከላይ ይፈሳል። በሁለቱ መካከል አየር ይገባል። ዳንሰኛዋ ስትዘል ቀሚሱ አየሩን ይይዝና ይነሳል። እሷ መሬት ስትደርስ ቀሚሱ ገና በመውረድ ላይ ነው። ዓይናችሁ ቀሚሱን ይከተላል። ስለዚህ ከእውነቱ በላይ አየር ላይ የቆየች ይመስላችኋል። ያቺ ትንሽ መዘግየት ናት ባሌቱን የሠራችው።

ቱሉ ራሱ የማሽን ልጅ ነው። ድሮ እንዲህ ያለ መረብ በእጅ ነበር የሚሠራው። ዋጋውም የንጉሥ ነበር። ጆን ሂዝኮት የሚባል እንግሊዛዊ በ1809 መረቡን የሚሠራ ማሽን አስመዘገበ። ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ በ1816፣ በማሽን የተቆጡ ሠራተኞች ላፍቦሮ ከተማ ያለውን ፋብሪካውን ሰብረው ገብተው ከ50 በላይ ማሽኖቹን ሰባበሩበት። እሱ ከተማ ቀይሮ ሥራውን ቀጠለ። መረቡ ረከሰ። አንዲት ዳንሰኛ ብቻ ሳትሆን ሃያም ሠላሳም ሴት አንድ ዓይነት ነጭ ለብሳ መድረክ ልትሞላ የቻለችው በዚህ ዓይነቱ ጨርቅ ነው። ጫካውን የሞሉት መናፍስት ከፋብሪካ ወጡ ማለት ነው።

ሌላው መብራት ነው። የፓሪስ ኦፔራ ጋዝ መብራት ያስገባው በ1822 ነው። ሻማ ደምቆ ይነዳል እንጂ አይታዘዝም። ጋዝ ግን ይታዘዛል፤ ታደበዝዘዋለህ፣ ታደምቀዋለህ። ላ ሲልፊድ ከመታየቱ ጥቂት ወራት በፊት፣ በኖቬምበር 1831፣ ሮበርት ለዲያብል በሚባል ኦፔራ ውስጥ ከመቃብር የሚነሱ መነኮሳት በጋዝ ጨረቃ ሥር ነጭ ለብሰው ደንሰው ነበር። የገዳሙ እመምኔት ሆና የደነሰችው ይህችው ማሪ ታሊዮኒ ናት። ነጭ ስስ ጨርቅና ደብዛዛ ሰማያዊ መብራት ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ሕዝቡ ያኔ አየ።

ጊዜውንም አስቡት። ላ ሲልፊድ ከታየ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ፓሪስ ኮሌራ ገባ። በዚያ ዓመት ከተማዋ ውስጥ ከ18,000 በላይ ሰው ሞተ። ሰዎች ቀን ሬሳ የጫነ ጋሪ ሲያልፍ ያያሉ። ማታ ደግሞ ነጭ የለበሰች፣ ሲይዟት የምትሞት ልጅ ያያሉ። ያ ባሌት ለምን እንዲህ ልባቸው ውስጥ እንደገባ ስጠየቅ ሁልጊዜ ይህ ይመጣብኛል።

ከዚያ በኋላማ ነጭ ሆነ ሁሉም ነገር። ገጣሚውና ሐያሲው ቴዎፊል ጎቲዬ ከዓመታት በኋላ ሲጽፍ ከዚያ ባሌት ወዲህ ቱልና ታርላታን ያለ ልክ እንደበዛ፣ ከነጭ ሌላ ቀለም የጠፋ እስኪመስል እንደደረሰ ተናግሯል። ታሊዮኒ ከመድረክ ወጥታ መንገድ ላይ ገባች። የወንዶች ካፖርት በስሟ ተጠራ። ከለንደን የሚነሳ የፈረስ ሠረገላ በስሟ ተጠራ። ፈረንሳዮች ከስሟ ግስ ሠሩ።

ጫማዋን ላሳያችሁ። ዛሬ በጣት የሚቆምበት የባሌት ጫማ ከፊቱ ጠንካራ ሳጥን አለው፤ በጨርቅና በማጣበቂያ የተሠራ። የታሊዮኒ እንዲህ አልነበረም። ተራ የሳቲን ነጠላ ጫማ ነው። ሥሩ ቀጭን ቆዳ፣ ላዩ ሐር፣ ሁለት ሪባን። ሳጥን የለው፣ ማጠንከሪያ የለው። ታዲያ እንዴት ቆመችበት? በመርፌ። ጫፉንና ጎኑን በክር ጥቅጥቅ አድርጎ መጥቀም ነበር መላው። ክሩ በክር ላይ ሲደራረብ ሳቲኑ ጠንከር ይላል፣ አይንሸራተትም፣ ቶሎ አይቀደድም። ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ የሚሸከመው የእግሯ ጡንቻ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ጥቅማት በአሮጌ ሳቲን ጫማ ላይ ሞክሬ አውቃለሁ። አንዱን ጫማ ብቻ ለመጨረስ አንድ ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ። ጣቴ ደማ። እሷ በዚያ ላይ ቆማ ፈገግ ትላለች።

ሩሲያም ሄዳለች። ከ1837 እስከ 1842 ሴንት ፒተርስበርግ ደነሰች። ስትሸኝ አድናቂዎቿ ጫማዋን በ200 ሩብል ገዝተው፣ አስቀቅለው፣ በወጥ በሉት ይባላል። እውነት ይሁን ተረት፣ ለዚያች ቁራጭ ሳቲን የነበረው ፍቅር ይህን አስወርቷል።

ነጭ ብቻ ነበር ብዬ እንዳላሳስታችሁ። ፋኒ ኤልስለር ነበረች፣ የቪየናዋ። በ1836 ካቹቻ የሚባል የስፔን ዳንስ ደነሰች። ሮዝ ሳቲን፣ በላዩ ጥቁር ዳንቴል፣ እጇ ላይ ካስታኔት። ጎቲዬ ታሊዮኒን ክርስቲያን ዳንሰኛ፣ ኤልስለርን አረማዊት ዳንሰኛ አላቸው። አንዷ ወደ ሰማይ፣ አንዷ ወደ መሬት ማለቱ ነው። ፓሪስ ሁለት ቦታ ተከፈለች። ኤልስለር በ1840 አሜሪካ ተሻግራ ሁለት ዓመት እዚያ ቆየች፤ ሕዝቡ አበደላት። እኔ በበኩሌ የሁለቱንም ልብስ ብሰፋ ደስ ይለኛል። አንዱን ምረጪ ካላችሁኝ ግን ነጩን ነው። ጥቁር ዳንቴል ስህተት ይሸፍናል። ነጭ ቱል ምንም አይሸፍንላችሁም።

ጨርቋ የት ደረሰች? እሺ፣ ቀጥሉ።

አሁን የምወደው ቦታ ደረስን። ዢዜል። ጁን 28 ቀን 1841፣ እዚያው ፓሪስ ኦፔራ። ሐሳቡ የጎቲዬ ነው። ከጀርመናዊው ገጣሚ ሃይነ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ዊሊዎች አንብቦ ነው የተነሳው። ዊሊዎች ከሠርጋቸው በፊት የሞቱ ልጃገረዶች ናቸው። ሳይደንሱ የቀሩት ሠርግ አያስተኛቸውም። ሌሊት ከመቃብር ይነሳሉ። ያገኙትን ወንድ እስኪሞት ያስደንሱታል። ዋናዋን የደነሰችው የ22 ዓመቷ ካርሎታ ግሪዚ ናት። ጎቲዬ እሷን እስከ ዕድሜው መጨረሻ ወዷታል።

ዢዜል የገጠር ልጅ ናት። አንድ መስፍን የገበሬ ልብስ ለብሶ መጥቶ ያፈቅራታል። እሷ አታውቅም። በመጀመሪያው ክፍል ላይ አንዲት ትንሽ ቦታ አለች፤ ብዙ ሰው ሳያያት ያልፋል። መኳንንቱ ከአደን ሲመለሱ መንደሩ ላይ ያርፋሉ። ባቲልድ የምትባል የመሳፍንት ልጅ ተቀምጣለች። ቬልቬትና ወርቅ ለብሳለች። ቀሚሷ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ዢዜል ከኋላ ቀስ ብላ ትመጣና ትንበረከካለች። የቀሚሱን ጫፍ በእጇ ታነሳለች። ጉንጯ ላይ ታደርገዋለች። ባቲልድ ዞር ብላ ታያታለች።

ያቺን ቦታ ሳይ ሁልጊዜ እንባዬ ይመጣል። እኔም ልጅ ሆኜ እናቴ ለሰው የምትሰፋውን ልብስ ማታ ማታ እደባብስ ነበር። ጨርቅ የሚወድ ሰው መጀመሪያ በዓይኑ አያይም፣ በጉንጩ ነው የሚያየው። ደራሲዎቹ ይህን ያውቁ ነበር። ደግሞ ባቲልድ የማን እጮኛ ናት? የዚያው የመስፍኑ። ዢዜል ጉንጯ ላይ ያደረገችው የባላንጣዋን ቀሚስ ነው። ይህን ስታውቅ አእምሮዋን ትስታለች፣ ትሞታለች።

ከዚያ መጋረጃ ይከፈታል። ጫካ ነው፣ ጨረቃ ነው። ዊሊዎቹ ይመጣሉ። ሁሉም ነጭ ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ዓይነርግብ ራሳቸው ላይ ጥለው ይገባሉ። ጣልያንኛው ቬሎ ዓይነርግብ ማለት ነው። እኛ ጋ ቃሉ ከራስ ወርዶ ሙሉውን የሙሽራ ልብስ መጠሪያ ሆነ። መርካቶዋ ነጋዴ «የቬሎ ነው?» ስትለኝ የደነገጥኩት ለዚህ ነው። ሳታውቀው ትክክለኛውን ስም ነገረችኝ። ዊሊዎች ቬሎ የለበሱ ሙታን ናቸው። ዛሬ በየአዳራሹ ሙሽራ ስትገባ የምናየው ነጭ ጉምና በዚያ ጫካ ውስጥ ያለው ነጭ ጉም አንድ ጨርቅ ነው።

የዢዜልን አልባሳት የነደፈው ፖል ሎርሚዬ ነው። በአንድ ምሽት ውስጥ ሁለት ዓለም ሰፋ። ፊተኛው ክፍል ቀለም ነው፤ የወይን ለቀማ፣ ቡናማ፣ ቬልቬት። ኋለኛው ነጭ ብቻ። ፊት ላይ ልብስ ሰውን ይለያል፤ ማን ድሃ ማን ጌታ እንደሆነ ከቀሚሱ ታውቃለህ። ከሞት በኋላ ሁሉም አንድ ዓይነት ይለብሳሉ።

ስለ አራቱ ዳንሰኞች ምሽት ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። ጁላይ 12 ቀን 1845፣ ለንደን። ታሊዮኒ፣ ግሪዚ፣ ቼሪቶ፣ እና ዴንማርካዊቷ ሉሲል ግራን አንድ መድረክ ላይ። አራት ንግሥት በአንድ ዙፋን ማለት ነው። ጣጣው ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ ይደንስ የሚለው ነበር። የመጨረሻው ቦታ የክብር ቦታ ነው፤ እሱ ለታሊዮኒ እንዲሆን ሁሉም ተስማሙ። ከእሷ በፊት ያለውን ግን ግሪዚና ቼሪቶ ተናቆሩበት። የዳንሱ ደራሲ ዡል ፔሮ ተስፋ ቆርጦ የቴአትር ቤቱ ኃላፊ ቤንጃሚን ላምሊ ጋ ሄደ። ላምሊም «ቦታው በዕድሜ ለምትበልጠው ይሁን» አለ። ሁለቱም ሳቁ፣ ወደ ኋላ አሉ፣ ጠቡ በዚያው አለቀ። ታሊዮኒ 41 ዓመቷ ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያም መጥታ አይታለች።

አሁን ከመጋረጃው በስተጀርባ እንግባ።

በዚያ ዘመን የፓሪስ ኦፔራ ትናንሽ ሠልጣኞች ይጠሩ የነበሩት ትንንሽ አይጦች ተብለው ነው። አብዛኞቹ የድሃ ልጆች ናቸው። ሉዊ ቬሮን በ1831 ኦፔራውን ሲይዝ ዳንሰኞቹ ሰውነታቸውን የሚያፍታቱበትን ክፍል ዓመታዊ ቦታ ለገዙ ባለገንዘቦች ከፈተላቸው። ወንዶቹ ኮፍያቸውን አድርገው እዚያ ይቆማሉ። ልጆቹን ይመርጣሉ። መድረክ ላይ መንፈስ የሆነችው ልጅ ከመድረክ ስትወርድ ማን እንደሚጠብቃት አስቡት። አጭሩና ስሱ ቀሚስ ሁለት ነገር ነበር፤ ለዳንሰኛዋ ክንፍ፣ ለባለገንዘቡ መስኮት። ያን ዘመን እየወደድኩት ይህን መርሳት አልፈልግም።

በ1881 ኤድጋር ደጋ የ14 ዓመት ዳንሰኛ ሐውልት ለሕዝብ አሳየ። ከሰም የተሠራ ነው። ግን እውነተኛ ልብስ አለበሳት። እውነተኛ ጉርድ ቀሚስ፣ እውነተኛ ጫማ፣ ፀጉሯ ላይ እውነተኛ ሪባን። ሰው ደነገጠ፣ አንዳንዱም ተቆጣ። ሞዴል የሆነችው ማሪ ቫን ጎተም የኦፔራው ሠልጣኝ ነበረች። እናቷ ልብስ አጣቢ ነበረች። ደጋ ከሞተ በኋላ ሐውልቱ በነሐስ ተባዛ። የነሐስ ልጆቹም ዛሬ በየአገሩ ሙዚየም የጨርቅ ቀሚስ ለብሰው ቆመዋል። ነሐሱ ይኖራል። ቀሚሱ ያረጃል፣ ይቀየራል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እንደገና ይሰፋላታል። ያን ሥራ ቢሰጡኝ በነጻ እሠራው ነበር።

ወደ ሻርፑ እመለሳለሁ ብዬ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ነጭ ሻሽ ገዛሁ። ጥጥ ነው፣ ስስ ነው። አሚዶ አደረግኩበትና አደረቅኩት። ከዚያ ግቢ አውጥቼ፣ ባልዲ ውሃ አጠገቤ አድርጌ፣ ሽቦ ላይ አንጠልጥዬ ክብሪት አስነካሁት። አንድ ክንድ ያህል ጨርቅ ነበር። መቁጠር ጀመርኩ። አራት ሳልል ሽቦው ብቻ ቀረ። ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ቅድም ጉሙን የሚሠራው አየር ነው ብያችሁ ነበር። እሳቱንም የሚሠራው ያው አየር ነው። ድርቡ መካከል የገባው አየር ነበልባሉን ይመግበዋል።

እነዚያ ልጆች ይህን ለብሰው ነበር ክፍት የጋዝና የዘይት መብራት አጠገብ የሚደንሱት። ክላራ ዌብስተር በዲሴምበር 1844 ለንደን ድሩሪ ሌን መድረክ ላይ ቀሚሷ መብራት ነካው። በሦስተኛው ቀን ሞተች። በ1861 ፊላደልፊያ ውስጥ አንዷ ዳንሰኛ በእሳት ተያዘች፤ ሊያጠፉላት የሮጡት ጓደኞቿም አብረው ተያዙ።

መፍትሔ አልነበረም አትበሉ። ካርትሮን የሚባል ፈረንሳዊ ልብሱን በማዕድን ጨው ውሃ ነክሮ እሳት እንዳይበላው የሚያደርግ ዘዴ ነበረው። በ1859 መንግሥት አዋጅ አወጣ፤ የመድረክ አልባሳት በዚህ ይነከሩ ተባለ። ዳንሰኞቹ ግን ጠሉት። ጨርቁ ይገረጥፋል፣ ይደነድናል፣ ንጣቱ ይጠፋል፣ ቢጫ ቢጫ ይላል። ጉሙ ይሞታል።

ኤማ ሊቭሪ በ1858 በ16 ዓመቷ ላ ሲልፊድን ደነሰች። ዝነኛነቷ ታሊዮኒ ጆሮ ደረሰ። ታሊዮኒ ያን ጊዜ መድረክ ትታለች። ተነሥታ ፓሪስ መጣችና ልጅቷን አየቻት። ራሷን ያየች ያህል ሆነባት። ቀርታ አስተማረቻት። በ1860 በሕይወቷ የደረሰችውን አንድ ትልቅ ባሌት ለእሷ ሠራችላት። ስሙ ለ ፓፒዮን ነው፤ ቢራቢሮ ማለት። ሙዚቃው የኦፈንባህ ነው። በታሪኩ ውስጥ ቢራቢሮዋ ችቦ ስባት ትጠጋና ክንፏ ይቃጠላል።

በዚያው በ1860 ኤማ ለኦፔራው ኃላፊ ደብዳቤ ጻፈች። በተለመደው የባሌት ቀሚሴ ነው የምደንሰው፣ የሚመጣውን ሁሉ ራሴ እወስዳለሁ አለች። የተነከረውን አልፈለገችም።

ኖቬምበር 15 ቀን 1862። የሌላ ሥራ ልምምድ ነው፤ የአንዲት ድዳ ልጅ ሚና ይዛለች። ከመድረክ ጎን ሆና ተራዋን ትጠብቃለች። መቀመጥ ፈለገች። እናንተ ሰፊዎች የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ በአሚዶ የቆመ ቀሚስ ላይ ዝም ብለህ አትቀመጥም፣ ይጨማደዳል። ስለዚህ ቀሚሷን በሁለት እጇ ከኋላ አነሳችው። አየሩ ተንቀሳቀሰ። ከጎኗ ያለው የጋዝ ነበልባል ቀሚሱን ያዘ። እየነደደች መድረኩ ላይ ሮጠች። አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በብርድ ልብስ ይዞ አጠፋላት። ዘግይቶ ነበር።

ስምንት ወር ታመመች። በአልጋዋ ላይ ሳለች ስለተነከሩት ቀሚሶች ጠየቋት። አደጋቸው ያነሰ መሆኑን አመነች። ግን ወደ መድረክ ብመለስ እንኳ አልለብሳቸውም፣ አስቀያሚ ናቸው አለች። ጁላይ 26 ቀን 1863 ሞተች። 21 ዓመት አልሞላትም።

ሰዎች ሲሰሙ «ሞኝ ነበረች» ይላሉ። እኔ ሞኝ ማለት አልችልም። ልጅቷ ሥራዋ ጉም መሆን ነበር። ቢጫና ግርጥፍ ያለ ቀሚስ ለብሳ ጉም መሆን እንደማይቻል ታውቃለች። ምርጫውን እሷ ላይ የጣሉት ሰዎች ግን መብራቱን መከለል ይችሉ ነበር። ሽቦ መረብ ማድረግ፣ ነበልባሉን ከፍ ማድረግ፣ እርጥብ ብርድ ልብስ በየጥጉ መስቀል። የዚያ ሁሉ ዘመን ጥንቃቄ የተጠየቀው ከቀሚሱ ነው። የኦፔራው ሕንፃ ራሱ፣ ላ ሲልፊድና ዢዜል የታዩበት የለ ፔልቲዬ አዳራሽ፣ በኦክቶበር 1873 ተቃጥሎ ወደመ።

ታሊዮኒ ከተማሪዋ በኋላ ሃያ ዓመት ኖረች። ገንዘቧ አለቀ። ለንደን ውስጥ ለባለጸጋ ልጆች ዳንስና አቋቋም እያስተማረች ኖረች። በ1884 ማርሴይ ላይ ሞተች፤ 80 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀራት። በዚያ ጊዜ ልብሱም ተለውጧል። ጣልያናውያን ጫማውን አጠንክረውታል። ቀሚሱ እያጠረ እያጠረ ወገብ ላይ እንደ ሰፌድ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፒዬሪና ሌኛኒ በ1895 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ በስዋን ሌክ በአንድ እግሯ ቆማ 32 ጊዜ ስትሽከረከር ሰው ያጨበጨበው ለጉልበቷ ነው። ያም ድንቅ ነው። ግን ሌላ ነገር ነው።

የኤማ ሊቭሪ ቀሚስ ቅሪት አለ። ጥቂት የተቃጠለ ጨርቅ ነው። የሬሳ ሣጥን በመሰለች ትንሽ ሣጥን ተደርጎ በፓሪስ ኦፔራ ቤተ መዘክር ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ቀን እሱን ማየት እፈልጋለሁ። ቢፈቅዱልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከወገቡ አካባቢ የተረፈ ስፌት ካለ ቀርቤ ማየት። የእጅ ስፌት እንደ እጅ ጽሑፍ ነው። ሰፊዋ ቀኝ ትሁን ግራ፣ ቸኩላ ይሁን ተረጋግታ፣ ክሩ ይነግራችኋል። የዚያች ሴት ስም ፕሮግራሙ ላይ አልታተመም። ያን ጠዋት ቀሚሱን በአሚዶ አድርቃ፣ ተኩሳ፣ ድርቡን አንድ በአንድ በጣቷ ነፍታ፣ ለኤማ ያለበሰቻት እሷ ትሆናለች።